የቤት አኳሪየም ማሞቂያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ዕቃዎች ሁሉ ሲበላሽ ዓሦችን በአንድ ሌሊት ሊጨርስ የሚችለው ማሞቂያው ነው። ፊልተር ቢቆም የጥቂት ሰዓት ፋታ ይገኛል፤ መብራቱ ቢቃጠል ዓሣው ጉዳዩም አይደል። ማሞቂያ ግን አልጠፋም ካለ ውሃውን ይቀቅላል። የማይበላሽ ማሞቂያ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። ስለዚህ «አስተማማኝ ማሞቂያ» ስንል ዕቃው ራሱ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽም ዓሣ እንዳይሞት ሆኖ ተመርጦና ተገጥሞ መገኘቱን ጭምር ነው።

ለእኔ ዓሦች ማሞቂያ የግድ ነው?

የዓሣው ዝርያና የቤቱ ቅዝቃዜ ይወስኑታል። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ደህና ይኖራል፤ ለእሱ ማሞቂያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጉፒ፣ ፕላቲ፣ ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ ከ23 እስከ 26 ይስማማቸዋል። ቤታና አንጀልፊሽ ከ25 እስከ 28 ይፈልጋሉ። ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ካላገኘ ምግብ መብላት ይቀንሳል፣ ለበሽታም ይጋለጣል።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳውን ሞልተው ፊልተሩን አስነስተው ለአራት አምስት ቀን ይተዉትና ውሃውን ማለዳ ከመንጋቱ በፊት፣ እንዲሁም ከሰዓት በኋላ ይለኩት። ወሳኙ የማለዳው ቁጥር ነው። ቀን ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ንጋት ላይ 20 ሆኖ ይገኛል፤ ቀን ብቻ የሚለካ ሰው ይህንን አያየውም። የማለዳው ልኬት ከዓሣው ፍላጎት በታች ከሆነ፣ ወይም የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ከ3 ዲግሪ ካለፈ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው እንዲህ ያለ መዋዠቅ ዓሣውን ካዳከመው በኋላ ነው።

ስንት ዋት ልግዛ?

«በሊትር 1 ዋት» የሚባለው ሕግ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይረሳል፤ የክፍሉን ሙቀትና የገንዳውን መጠን።

በመጀመሪያ ትክክለኛውን ሊትር ያውጡ። ርዝመት፣ ወርድና የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። 80 በ35 በ40 የሆነ ገንዳ እስከ አፉ 112 ሊትር ነው፤ ውሃው ከአፉ 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጠጠርና ድንጋይ ቦታ ይዞ ሲታይ ግን በውስጡ ያለው ውሃ 95 ሊትር ቢሆን ነው።

ቀጥሎ ክፍሉ በጣም በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ይወቁና ከሚፈልጉት የውሃ ሙቀት ይቀንሱት። ልዩነቱ እስከ 5 ዲግሪ ከሆነ ለ20 ሊትር 25 ዋት፣ ለ60 ሊትር 50 ዋት፣ ለ100 ሊትር ከ75 እስከ 100 ዋት፣ ለ200 ሊትር 150 ዋት፣ ለ300 ሊትር 200 ዋት ይበቃል። ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ከተጠጋ ደግሞ ለ20 ሊትር 50፣ ለ60 ሊትር 100፣ ለ100 ሊትር 150፣ ለ200 ሊትር 250፣ ለ300 ሊትር 300 ዋት ያስፈልጋል። ገንዳው እየተለቀ ሲሄድ በሊትር የሚያስፈልገው ዋት እየቀነሰ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። ሙቀት የሚያመልጠው በመስተዋቱና በውሃው ገጽ በኩል ስለሆነ፣ ትንሽ ገንዳ ከያዘው ውሃ አንጻር የሚጋለጠው ገጽ ሰፊ ነው።

ክዳን የሌለው ገንዳ ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይፈልጋል። ውሃ ሲተን ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ትልቅ ማሞቂያ ከመግዛት አንድ የመስተዋት ክዳን ማስቆረጥ ይሻላል።

ለማንኛውም ብዬ ትልቁን ብገዛስ?

በጣም የተለመደና አደገኛ ውሳኔ ነው። በደህና ቀን ባለ 300 ዋቱም ባለ 100 ዋቱም ቴርሞስታቱ (ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋው ክፍል) ሲያዝ ይጠፋሉ፤ ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ የሚታየው ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ሳይጠፋ የቀረ ዕለት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 100 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 420 ሺህ ጁል ገደማ ይፈልጋል። ክዳን ያለው 100 ሊትር ገንዳ በበኩሉ ከክፍሉ በሚበልጥበት በእያንዳንዱ ዲግሪ በግምት ከ7 እስከ 10 ዋት ሙቀት ይለቃል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆንና ባለ 300 ዋት ማሞቂያ ሳይጠፋ ቢቀር፣ ከ25 ዲግሪ የተነሳው ውሃ እርስዎ ተኝተው እስኪነሱ 35 ዲግሪን ያልፋል፤ ከዚያም ወደ 50 እየተጠጋ ይሄዳል። ያው ብልሽት በባለ 50 ዋት ማሞቂያ ላይ ቢደርስ ውሃው ከክፍሉ 5 ወይም 7 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። ማለትም 25 ወይም 27 ዲግሪ፤ ዓሣው ብልሽት መኖሩንም አያውቅ።

እንግዲያው አንድ ልግጠም ወይስ ሁለት?

ከ80 ሊትር በላይ ለሆነ ገንዳ ሁለት። የሚያስፈልገውን ዋት ለሁለት ይክፈሉት፤ 150 ካስፈለገ ሁለት ባለ 75። አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ብቻውን ውሃውን ለመቀቀል አቅም የለውም። አንዱ ቢሞት ሌላው ውሃውን ግማሽ መንገድ ይዞ ይቆያል፣ እርስዎም ለማስተዋል ጊዜ ያገኛሉ። ርዝመት ያለው ገንዳ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ ጫፍ ሲገጠሙ ሙቀቱ እኩል ይሰራጫል።

ሁለቱን በአንድ ቁጥር ላይ ቢያስተካክሏቸውም አንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ መጥፋቱ የታወቀ ነው፤ ቴርሞስታቶቹ ሙሉ በሙሉ አይመሳሰሉም። አንዱን በግማሽ ዲግሪ ዝቅ አድርጎ መተው ይቻላል፤ ያኛው ደካማ ሲሆን ብቻ ይህኛው ያግዛል። ከ30 ሊትር በታች ለሆነ ገንዳ ግን ሁለት ማሞቂያ ቦታ ማጣበብ ነው፤ አንድ በልክ የተመረጠ ይበቃል።

መስተዋት፣ ፕላስቲክ ወይስ ቲታኒየም?

የመስተዋት ቱቦ ያለው በብዛት የሚገኘውና ርካሹ ነው። ውስጡ ጥቅል የማሞቂያ ሽቦ፣ ቴርሞስታትና ብዙ ጊዜ የሚሞላ አሸዋ ይኖራል። መስተዋቱ ሙቀት ቻይ ቢሆንም ሁለት ነገር ይሰብረዋል፦ ከውሃ በላይ እየሠራ ግሎ ድንገት ውሃ ሲነካው፣ እና ትልቅ ዓሣ ወይም ድንጋይ ሲመታው።

ውጪው ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነው በቀላሉ አይሰበርም። ለኤሊ፣ ለኦስካርና ድንጋይ ለሚያገላብጡ ትልልቅ ሲክሊድ ዓሦች ከመስተዋት ይሻላል።

ቲታኒየም አይሰበርም፣ በጨው ውሃም አይዝግም። አብዛኞቹ ግን የራሳቸው ቴርሞስታት ስለሌላቸው ከውጪ መቆጣጠሪያ ጋር ብቻ ነው የሚሠሩት። ብረት ስለሆነም የመሬት ሽቦው የግድ ነው፤ ሦስት እግር ያለውን ፕላግ ቆርጦ ሁለት እግር ማድረግ አይሞከርም።

በቱቦ ላይ የሚገጠመው ዓይነት የውጪ ፊልተር ላላቸው ነው። ከፊልተሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ ይግጠሙት እንጂ ወደ ፊልተሩ በሚገባው ላይ አይደለም፤ ወደ ፊልተሩ የሚገባው ውሃ ቆሻሻ ስለሚይዝ ውስጡ ይደፈናል። የቱቦውን ውፍረት አስቀድመው ይለኩ፤ 12/16 እና 16/22 ሚሊሜትር የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ሙቀቱ በፋብሪካ ተወስኖ የሚመጣ፣ ማስተካከያ የሌለው ትንሽ ማሞቂያም አለ። ለቤታ ገንዳ ይመቻል። ነገር ግን የታመመ ዓሣ ለማከም ሙቀት ከፍ ማድረግ ቢያስፈልግ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ማስተካከያ ያለውን እንመርጣለን።

ስገዛ ምን ምን ልፈትሽ?

ቮልቴጁን ከሁሉ በፊት። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በ240 ቮልት ላይ ቢሰካ ከተጻፈበት አራት እጥፍ ኃይል ይስባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል ወይም ይፈነዳል። በተቃራኒው ለ240 የተሠራው በ120 ላይ አንድ አራተኛውን ብቻ ይሰጣል፤ «ማሞቂያው ደካማ ነው» ይባላል እንጂ ምክንያቱ ይህ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ ሲሆን አስማሚ ፕላግ ቮልቴጅ እንደማይቀይር አይርሱ።

ቱቦው ላይ ዝቅተኛው የውሃ መስመር ተጽፎ እንደሆነና ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅ መሆኑን ይዩ። ውሃ ሲጎድል ወይም ከልክ በላይ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ያለው ቢሆን ጥቂት ጨምሮ መግዛት ያዋጣል። ገመዱ ቱቦው ውስጥ የሚገባበት የጎማ ክዳን ጠንካራና ያልተሰነጠቀ መሆኑን በጣትዎ ይፈትሹ፤ ብዙ ማሞቂያ የሚሞተው ከዚህች ነጥብ በገባ ውሃ ነው። የገመዱ ርዝመትም ትንሽ ነገር አይምሰልዎ፤ አጭር ገመድ ሰውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከገንዳው ሥር እንዲያስቀምጥ ይገፋፋዋል።

አዲሱን ማሞቂያ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ ልክተተው?

አይሆንም። ዕቃዎች ከሚበላሹበት ጊዜ አንዱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ዓሣ በሌለበት ይሁን።

ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ባልዲ ውስጥ ያድርጉ። ፕላስቲክ ባልዲ ከሆነ ማሞቂያው ግድግዳውን ወይም ታቹን እንዳይነካ በእንጨት ላይ አስረው ያንጠልጥሉት፤ የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ውሃው እንዲንቀሳቀስ ትንሽ ፓምፕ ወይም የአየር ድንጋይ ይጨምሩ። ማሞቂያው ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይሰኩት፣ 25 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፣ እስኪሞቅ ይጠብቁ። እዚህ ላይ የሚፈለገው ነገር መሞቁ ብቻ አይደለም፤ መጥፋቱም ነው። ጠቋሚ መብራቱ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ እንደገና ሲበራ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ይዩት። መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ቴርሞሜትሩ ያሳየውን ይመዝግቡ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 24 ሰዓት በዚህ መልክ ከሠራ በኋላ አውጥተው አድርቀው ቱቦውን ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱ። ውስጡ ጤዛ ካለ ወደ ሻጩ ይመልሱት።

የት ልግጠመው?

ውሃ በሚንቀሳቀስበት። ከፊልተሩ መውጫ አጠገብ ሆኖ የሚወጣው ውሃ በቱቦው ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ከሁሉ የተሻለው ነው። በቆመ ውሃ ውስጥ ማሞቂያው በዙሪያው ያለውን ውሃ ብቻ አሙቆ «በቃ» ብሎ ይጠፋል፤ የገንዳው ሌላ ጫፍ ግን 3 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይቀራል።

ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅ ከሆነ ከታች በኩል አግድም ወይም ወደ 45 ዲግሪ አዘንብለው ይለጥፉት። አግድም ሲሆን ሞቃቱ ውሃ በቱቦው ርዝመት ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃ ሲቀየርም ከውሃ በላይ የመቅረቱ ዕድል ያንሳል። ከጠጠሩ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ጠጠር ውስጥ የተቀበረ ማሞቂያ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ በአንድ ቦታ ግሎ ይሰነጠቃል። መለጠፊያ ጎማዎቹ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ደርቀው መያዝ ይተዋሉ፤ ማሞቂያው ወድቆ ጠጠር ላይ ተኝቶ ሲያገኙት አትገረሙ፣ ጎማዎቹን ብቻ ቀይሩ።

እንደ ፕሌኮ ያሉ ተለጣፊ ዓሦች ማሞቂያው ላይ ተለጥፈው ይቃጠላሉ። ለእነሱ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ሽፋን ያስፈልጋል።

ማሞቂያው ላይ 25 አድርጌው ቴርሞሜትሩ 27 ይላል። ተበላሽቷል?

የግድ አይደለም። የማስተካከያው ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀት በ1 ወይም 2 ዲግሪ መለየቱ በርካሽ ማሞቂያዎች ላይ የተለመደ ነው። ሊታመን የሚገባው ቴርሞሜትሩ ነው፤ የማሞቂያውን ቁጥር ዝቅ አድርገው 24 ሰዓት ጠብቀው እንደገና ይለኩ። በየሰዓቱ መነካካት የትም አያደርስም፤ ትልቅ ገንዳ ለመረጋጋት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ያው ከሆነ ማሞቂያው ጤነኛ ነው፤ ዛሬ 2 ነገ 4 ዲግሪ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ እያበቃለት ነው።

ቴርሞሜትሩንስ በምን አምናለሁ?

ከውጪ መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ቀለም ቀያሪ ወረቀት የክፍሉን አየር ስለሚጋራ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይለያል፤ ለጨረፍታ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። ውስጥ የሚገባ የመስተዋት ወይም ገመድ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይያዙ፤ ከማሞቂያውም በተቃራኒ ጫፍ ያድርጉት።

ለመፈተሽ፦ ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ክፍተቱን የሚሞላ ያህል ውሃ አድርገው ያማስሉ፤ ዲጂታሉን ውስጡ አስገብተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። 0 ማንበብ አለበት። 1 ካነበበ ሁልጊዜ 1 ይቀንሱለት። የመስተዋቱ ቴርሞሜትር 0 ድረስ የማይወርድ ከሆነ ደግሞ ትኩሳት ከሚለካ ዲጂታል ቴርሞሜትር ጋር 37 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያወዳድሩት፤ የትኩሳቱ መለኪያ በዚያ ሙቀት ላይ በጣም ትክክል ነው።

የውጪ መቆጣጠሪያ መግዛት ያዋጣል?

በገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ከመቆጣጠሪያው ዋጋ በላይ የሚያወጡ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር። ምክንያቱ የማሞቂያው ቴርሞስታት ውስጥ ነው። አብዛኛው ርካሽ ማሞቂያ የሚሠራው በባይሜታል ነው፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው ሙቀት ሲያገኙ ይታጠፋሉ፣ ኤሌክትሪኩንም ይቆርጣሉ። በተገናኙና በተለያዩ ቁጥር በነጥባቸው ላይ ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል። ቀን ከሌት፣ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ነጥቡ ይቃጠላል፤ አንድ ቀን ይበየድና አልላቀቅም ይላል። ያኔ ነው ውሃው የሚፈላው። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩትም ቢሆኑ የመጨረሻውን መቁረጥ የሚሠራው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እንዲሁ ሊጣበቅ ይችላል።

መቆጣጠሪያው በሶኬቱና በማሞቂያው መካከል ይገባል፣ የራሱ መለኪያ ገመድም ውሃ ውስጥ ይሆናል። አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ መቆጣጠሪያውን 25 ላይ፣ የማሞቂያውን የራሱን ቴርሞስታት ደግሞ 27 ላይ ያድርጉ። በደህና ጊዜ የሚያበራው የሚያጠፋው መቆጣጠሪያው ነው፤ እሱ ተጣብቆ ቢቀር ማሞቂያው 27 ላይ ራሱን ያቆማል። ሁለቱ በአንድ ቀን እንዳይበላሹ መለመን ብቻ ነው የሚቀረው። ሁለቱንም 25 ላይ ማድረግ ግን ስህተት ነው፤ የማሞቂያው ባይሜታል ሥራውን ስለሚሻማ ነጥቡ እንደ ድሮው ማለቁን ይቀጥላል።

አንድ ወጥመድ አለው። የመለኪያው ገመድ ከውሃ ወጥቶ ከወደቀ፣ መቆጣጠሪያው የክፍሉን አየር ለክቶ «ቀዝቅዟል» ብሎ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ያበራዋል። ገመዱን በሁለት ቦታ፣ ከታች በኩል፣ ውሃ ሲቀየርም በማይጋለጥበት ጥልቀት አጥብቀው ይሰሩት። የማሞቂያው ዋትም መቆጣጠሪያው ከሚችለው በታች መሆኑን ጀርባው ላይ ያንብቡ።

ውሃ ስቀይር ምን ላድርግ?

ማሞቂያውን ከፊልተሩ ቀድመው ይንቀሉ፤ ውሃ ከመቅዳትዎ በፊት 15 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። አዲሱ ውሃ ከገንዳው በ2 ዲግሪ ከሚበልጥ ልዩነት አይኑረው። ሞልተው ሲጨርሱ ሌላ 15 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። መልሶ መሰካት ስለሚረሳ መብራቱንና ማሞቂያውን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አድርገው ማከፋፈያውን ማጥፋት ይቀላል፤ መብራቱ ካልበራ ማሞቂያውም እንዳልበራ ያዩታል። ማሞቂያውን ግን መብራቱን በሰዓት ከሚያበራ ታይመር ላይ አይሰኩት፤ ሌሊት ሌሊት ይጠፋል።

ከኤሌክትሪክ አደጋስ እንዴት ልጠበቅ?

ገመዱ ከገንዳው ወጥቶ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ ይታጠፍ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አርሲዲ የሚባለው፣ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠው መከላከያ በመስመሩ ላይ ቢኖር የሰው ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው። በየወሩ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭነው መቁረጡን ያረጋግጡ። ውሃ ውስጥ እጅዎን ሲከቱ ትንሽ እንኳ ከነዘረዎ ደፍረው ማሞቂያውን አይንኩ፤ መጀመሪያ ኃይሉን ከብሬከሩ ያጥፉ። የተሰነጠቀ ማሞቂያም እንዲሁ ነው።

መብራቱ በርቷል፣ ውሃው ግን አይሞቅም። ለምን?

ጠቋሚ መብራቱ በብዙ ማሞቂያዎች ላይ ቴርሞስታቱ «አሙቅ» ብሎ ማዘዙን እንጂ ሽቦው መሞቁን አያሳይም። ማሞቂያውን ነቅለው ቀዝቅዞ ከወጣና ከደረቀ በኋላ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) የፕላጉን ሁለት እግሮች ይለኩ፤ ቴርሞስታቱ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ተስተካክሎ ይሁን። በ220 ቮልት ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ወደ 484 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል፣ ጥገና የለውም። ይህ መለኪያ ኤሌክትሮኒክ ቴርሞስታት ባላቸው ላይ አይሠራም።

ሽቦው ደህና ከሆነና መብራቱ ቀን ከሌት ካልጠፋ፣ ዋቱ ለክፍሉ ቅዝቃዜ አንሶ ነው። በቱቦው ላይ ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ከተጋገረም ሙቀቱ አይወጣም፤ ተነቅሎ በቀዘቀዘ ማሞቂያ ላይ፣ ገመዱ የሚገባበትን ጫፍ ሳያስነኩ፣ ቱቦውን ለአንድ ሰዓት ነጭ አቼቶ ውስጥ አቆይተው በለስላሳ ስፖንጅ ያጥቡትና በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት።

ገንዳው 33 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት!

ማሞቂያውን ይንቀሉ። ከዚያ አየር፤ ዓሣውን መጀመሪያ የሚያሰቃየው ሙቀቱ ሳይሆን የኦክስጅን ማነስ ነው። 20 ዲግሪ ውሃ በሊትር ወደ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ 30 ዲግሪው 7.5 ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ሞቃት ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ይተነፍሳል። የአየር ፓምፕ ያስገቡ፣ የፊልተሩን መውጫ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ከፍ ያድርጉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ቬንቲሌተር በውሃው ገጽ ላይ ያንፍሱ። ከገንዳው በ3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ በቀዘቀዘ ውሃ 15 በመቶውን ቀስ ብለው ይቀይሩ። በሰዓት ከ2 ዲግሪ በላይ አይውረድ። በረዶ በቀጥታ መጨመር አይገባም። ለአንድ ቀን ምግብ ይከልክሉ፤ ሙቀት ሲጨምር መርዛማው የአሞኒያ ክፍልም ይጨምራልና።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምን ያህል ጊዜ አለኝ?

ከሚፈራው በላይ። 25 ዲግሪ የሆነ 100 ሊትር ውሃ በ18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አንድ ዲግሪ ለማጣት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ 20 ሊትሩ ግን በአንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ያጣል። ገንዳውን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፤ ለአየር ትንሽ ክፍተት ይተዉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካለ እሱ ይቅደም። በጣም ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ የሞላ የተዘጋ ጠርሙስ ውሃው ላይ ያንሳፍፉ፤ ሙቅ ውሃ በቀጥታ አያፍሱ። ኃይሉ ሲመለስ ማሞቂያው ቀስ ብሎ ይመልሰዋል፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ማፋጠን አያስፈልግም።

ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል?

ከክፍሉ በ5 ዲግሪ የሚበልጥ፣ ክዳን ያለው 100 ሊትር ገንዳ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ባለ 100 ዋትም ባለ 200 ዋትም ለዚያው ሙቀት ያንኑ ያህል ይበላሉ፤ ትልቁ አጭር ጊዜ ይበራል እንጂ። ፍጆታ የሚቀንሰው ክዳን፣ ከገንዳው ጀርባና ሥር የሚደረግ 2 ሴንቲሜትር ፎም፣ እንዲሁም ገንዳውን ነፋስ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ ነው።

በስንት ጊዜ ልቀይረው?

ዘወትር የሚሠራ ባለባይሜታል ማሞቂያ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት፣ ባይበላሽም። የገዙበትን ወርና ዓመት ፕላጉ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። ሁለት ካለዎት በአንድ ቀን አይቀይሯቸው፤ በዓመት ልዩነት ቢያዳርሷቸው አንዱ ሁልጊዜ አዲስ ይሆናል። ቱቦው ውስጥ ጤዛ ወይም ጥቁር የቃጠሎ ምልክት ከታየ፣ ገመዱ ከደረቀ፣ ወይም ጠቋሚው መብራት ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ቀኑን አይጠብቁ። የወጣውን አሮጌ ማሞቂያ «ለመጠባበቂያ» ብለው መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ገመዱን ቆርጠው ይጣሉት።